እስኪነጋ የማይነሱ መጻሕፍት

ህንድ ነጻ በወጣች በሰባ አንደኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በደቡቡ የባሕር ዳር ከተማ፣ በማይላፑር ሠፈር የሚገኘው የራንጋቻሪ መጻሕፍት ቤት መሥራቹ በገዛ ማተሚያቸው ያሳተሟቸውን መጻሕፍት በሙሉ በአንድ ሌሊት አጣ። እሳት አልነካቸውም፤ ሌባም አልደረሰባቸውም። የጠፉት ከክብር ቦታቸው ላይ፣ ሐር ለብሰውና የሰንደል ቅባት ተቀብተው፣ የጃስሚን አበባ ተደርቦባቸው ሳለ ነው።

የሱቁ ቁልፍ ያን ጊዜ በአላመሉ ወገብ ላይ ነበር። አላመሉ ስልሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች፣ ያላገባች፣ በወጣትነቷ ፊዚክስ ተምራ ጥቂት ዓመታት በሴቶች ኮሌጅ ያስተማረች ሴት ናት። እናቷ ሲሞቱ ለጊዜው ተብላ ወደ ሱቁ መጣች፤ ጊዜው ግን አላልቅ አለ። ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከላይ መኖሪያው፣ ከታች ሱቁ፣ ከሱቁ በስተጀርባ ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የቀድሞው የማተሚያ ክፍል። የማተሚያው መሣሪያ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ክፍሉ ግን ዛሬም «ማተሚያ ቤቱ» ነው የሚባለው። አባቷ ሳታጎፓን ዘጠናን ካለፉ በኋላ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ፎቅ ላይ አልጋ ይዘው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ድምፃቸው ግን ደረጃውን ወርዶ፣ ዋጋ የሚከራከር ደንበኛ ካለ እሱንም ገሥጾ ይመለሳል።

ራንጋቻሪ የሳታጎፓን አያት ናቸው። እንግሊዞች ከተማዋን በሚገዙበት ዘመን፣ በሰፊው መንገድ ላይ ለአንድ እንግሊዛዊ መጻሕፍት ሻጭ በጸሐፊነት ያገለግሉ ነበር። የዚያ ሱቅ ትልቁ በር ለነጮች፣ የጎኑ በር ለአገሬው ሰው ነበር፤ በጎኑ በር የሚገባውም ቢሆን የሚያገኘው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሩቅ አውራጃ የመጣ የመንደር መምህር የአገሩን ቋንቋ የታሚልን ሰዋስው ፈልጎ በጎኑ በር ገባ። ባለሱቁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደማይዝ፣ ወደፊትም የመያዝ ሐሳብ እንደሌለው በትሕትና ነገረው። መምህሩ አመስግኖ ወጣ። በቤተሰቡ ዘንድ እንደሚተረከው ራንጋቻሪ ብዕራቸውን አስቀምጠው ተከትለውት ወጡ፤ ወደዚያ ሱቅም አልተመለሱም።

ያረጀ የእጅ ማተሚያ አገኙ። ሰዋስው አሳተሙ፤ የሕፃናት የማባዣ ሰንጠረዥ፣ ስለ መድኃኒት ቅጠሎች የሚያስረዳ መጽሐፍ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ከሰው ዓይን ተሰውረው ፊደል የሚለዩበት መማሪያ አሳተሙ። ጥሩ ወረቀት ከእንግሊዝ አገር የሚመጣ ስለነበር በርካሹ ወረቀት አተሙ። ለድሃ እንዲደርስ ታስቦ የተመረጠው ወረቀት ዕድሜ አልነበረውም። በየቤቱ የገባውን ምስጥና እርጥበት ጨረሱት፤ በመጨረሻ የቀረው በዚያው በማተሚያ ቤቱ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ በተሠራ የመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በየገጹ ምስጥ የሚያባርር የኒም ቅጠል ተደርጎበት የተቀመጠው ብቻ ሆነ።

ስለ ሱቁ ከሚነገረው ሁሉ አላመሉ በልጅነቷ ደጋግማ የሰማችው የፖሊሶቹን ታሪክ ነው። ሳታጎፓን የአምስት ዓመት ሕፃን ሳሉ፣ በነጻነት ትግሉ ዘመን፣ ራንጋቻሪ ለታጋዮች የተከለከሉ ጽሑፎችን በስውር ያትሙ ነበር። በሳራስዋቲ ፑጃ ቀን፣ ማለትም መጻሕፍት ሁሉ በዕውቀት እመቤት ምስል ፊት በሚቀመጡበትና ማንም ገልጦ በማያነብበት ቀን፣ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ፖሊሶች አስከትሎ ደረሰ። ጽሑፎቹ ከክምሩ ሥር ነበሩ። መኮንኑ ክምሩን በዱላው እያመለከተ እንዲነሳ አዘዘ። የአገሬው ተወላጅ የሆነው ሃምሳ አለቃ ግን ጫማውን ከደጅ አውልቆ ነበር የገባው። እጆቹን አጣምሮ፣ ጌታዬ፣ ዛሬ የተቀመጠ መጽሐፍ እስከ ነገ ጠዋት አይነሳም፤ ማሰርም ከፈለጉ እኔን ይሰሩኝ አለ። ሌሎቹም ከእርሱ ጋር ቆሙ። መኮንኑ መደርደሪያዎቹን አስበርብሮ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ሲመለሱና ክምሩ ሲነሳ ከሥሩ የተገኘው የሰዋስው መጽሐፍ ብቻ ነበር። ሳታጎፓን ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጨርሱ ነበር፤ የተቀመጠ አይነሳም። የቤቱ ሕግ ይኸው ሆነ።

ነጻነት መጣ፤ ሱቁ ደራ፤ ከዚያም ቀስ እያለ ደከመ። አላመሉ ቁልፉን በተረከበችባቸው ዓመታት ከፊት ለፊት የሚሸጠው የፈተና መለማመጃ ነበር። ሰው ልቦለድ ሲያይ ሽፋኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይወጣል፤ መጽሐፉን ከሌላ ቦታ ቤቱ ድረስ ያስመጣል። ባንጋሎር የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ሙኩንዳን፣ ቦታውን ገዝቶ መኖሪያ ሕንጻ ሊያቆምበት የሚፈልግ ሰው እንዳለ በየወሩ ስልክ እየደወለ ያስታውሳት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚናገረው እውነት ስለነበር ግን ድምፁን መስማት ያደክማታል።

በዚያ ዓመት ክረምት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ቴንሞሊ የምትባል ሴት መጥታ የመስታወቱን ቁም ሳጥን አየች። አንዳንዶቹ መጻሕፍት በየትም ቦታ ሌላ ቅጂ እንደሌላቸው የነገረቻቸው እርሷ ናት። የሴቶቹን መማሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ አነበበችው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ዩኒቨርሲቲው መጻሕፍቱን በቦታቸው እንዳሉ ሊንከባከብ፣ ማተሚያ ቤቱን የንባብ ክፍል ሊያደርግ፣ ሱቁም ከፊት እንደነበረ እንዲቀጥል ተስማማ። ባለሙያዎቹ ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ሰኞ መጥተው እያንዳንዱን ገጽ ፎቶግራፍ ሊያነሱ ቀጠሮ ተያዘ። ሙኩንዳንም ሐሳቡን በስልክ አሳወቀ።

«ስሚኝ እታለም፤ መጻሕፍቱ ካሉ ሱቁ ይኑር፤ ሁለተኛ ስለ መሸጥ አፌን አልከፍትም። መጻሕፍቱ ከሌሉ ግን እዚያ ተቀምጠን የምንጠብቀው ጡብ ነው።»

የሳራስዋቲ ፑጃ ዋዜማ ሳታጎፓን ልጃቸውን ወደ አልጋቸው አስጠሩ። በሌላ ዓመት ለፑጃ የሚቀመጡት ከየመደርደሪያው የተመረጡ ጥቂት መጻሕፍት ነበሩ። ዘንድሮ ግን የአያታቸው መጻሕፍት አንድም ሳይቀር እንዲቀመጡ ፈለጉ፤ ከሰኞ በኋላ የባዕድ እጅ ይገባባቸዋልና፣ የቤት ልጅ ሆነው የሚውሉበት የመጨረሻው ቀን ነው አሉ። አላመሉ ክርክር አላነሳችም። እንደ ሐሳባቸው ከቁም ሳጥኑ አውጥታ፣ በማተሚያ ቤቱ ወለል ላይ በዝቅተኛ የእንጨት ጣውላ ደረደረቻቸው። የእናቷን የሠርግ ሐር አለበሰቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ዕጣን አጨሰች፤ የተቀቀለ ሽምብራ ከኮኮናት ጋር በሙዝ ቅጠል ላይ አቀረበች። ሥርዓቱ ሲፈጸም ከፎቅ ሳል ተሰማ፤ አባቷ የጸሎቱን ደወል ሰምተው አብረው እየጸለዩ ነበር።

ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀመረ። የሰሜን ምሥራቁ ዝናብ በጥቅምት መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚያ ቀን ግን ሰማዩ ቆሞ የሚያፈስ ይመስል ነበር። ከአመሻሹ በፊት በሠፈሩ ቤተ መቅደስ ኩሬ ዙሪያ ያለው መንገድ ውሃ ሆነ። መጽሐፍ ጠራዡ ካደር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው የገቡት ያን ጊዜ ነው። ካደር ከሳታጎፓን ዘመን ጀምሮ ለሱቁ የጠረዙ እስላም ሽማግሌ ናቸው። አላመሉን ገና ቁልፍ ለመያዝ በማትደርስበት ዕድሜዋ «እትዬ» ብለው በቀልድ ይጠሯት ነበር፤ ቀልዱ እስከዚያ ቀን አልለቀቃቸውም።

ካደር የመንገዱ ቦይ በቆሻሻ መደፈኑን፣ ውሃው የሚሄድበት አጥቶ ወደየቤቱ እየዞረ መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤቱ አንገታቸውን አስግገው ክምሩን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሁሉንም ነው ያወረድሽው?»

«አባባ ናቸው ያሉት።»

«እንግዲያው ነይ ወደ ፎቅ እናውጣቸው። ፑጃው አልቋል፤ እመቤቲቱም ብትሆን ከዚህ ዝናብ ሽሽት ሳትፈልግ አትቀርም።»

አላመሉ ቁልፎቿን በእጇ እያገላበጠች ቆመች። በልቧ ምን ያህል እንደምታምን ተጠይቃ አታውቅም፤ ራሷንም ጠይቃ አታውቅም። ፊዚክስ ስታስተምር እንኳ በዚህ ቀን መጽሐፍ አትገልጥም ነበር፤ ይህም እምነት ነው ወይስ ልማድ የሚለውን ለመለየት ምክንያት አላገኘችም። አባባን ልጠይቅ ብላ ወደ ፎቅ ወጣች።

ሳታጎፓን ግድግዳውን እያዩ አዳመጧት። ከዚያ ውሃ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገብቶ እንደሚያውቅ ጠየቋት። ገብቶ አያውቅም አለች። ከሦስት ዓመት በፊት ከተማዋን ባጥለቀለቃት ጎርፍ ጊዜ ገብቶ ነበር ወይ አሉ። ያኔም አልገባም። ታዲያ ካደር ምን አስፈራው፤ እርሱ ሁልጊዜ እንደ ዶሮ ነው፣ ደመና ባየ ቁጥር ክንፉን ያራግፋል አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እርሷ መልሰው፣ ያንን ቃል ተናገሩ።

«የተቀመጠ አይነሳም።»

ወርዳ ለካደር ነገረቻቸው። ሽማግሌው የጃንጥላቸውን ውሃ በደጃፉ ላይ አራገፉ።

«እንግዲያው እኔ ላንሳ» አሉ። «አንቺ ፊትሽን አዙሪ። የኔ አምላክ ስለዚህ ቀን የሰማው ነገር የለም፤ ቢጠይቀኝም ሙጫ ላደርቅ ነው ያነሳሁት እላለሁ።»

«እጁ የማንም ቢሆን ጋሼ፣ የሚነሳው መጽሐፉ ነው።»

ካደር አልተከራከሯትም። የሱቁን ደጃፍ በአሸዋ ከረጢት አብረው ዘጉ፤ በስንጥቁ ሁሉ አሮጌ ጆንያ ወተፉ። የሠፈራቸው መንገድም እየሞላ ስለነበር፣ ባለቤታቸው ብቻቸውን እንደሆኑ ተናግረው ለመሄድ ተነሡ። ደጃፉ ላይ ዞር ብለው፣ ኧረ እትዬ፣ ቢያንስ ዛሬ ማታ በአንድ ዓይንሽ ብቻ ተኚ አሏት። አላመሉ ሳቀች። ስለዚያ ሳቅ በኋላ ብዙ ጊዜ አሰበች።

ሌሊቱን በአባቷ አልጋ አጠገብ አሳለፈችው፤ እርጥበቱ ትንፋሻቸውን አሳጥሮት ነበርና ጀርባቸውን እየደገፈች ታስቀምጣቸው ነበር። መብራት ጠፍቶ ነበር። ከታች የውሃ ድምፅ ትሰማለች፤ የመንገዱ ነው ትላለች። አንድ ጊዜ ተነሥታ ደረጃው ራስ ላይ ቆማ አዳመጠች፤ የሚሰማው ድምፅ ከመንገዱ በኩል እንዳልሆነ ጆሮዋ ነገራት። ሰዓቷን አየች። መጻሕፍቱ እንዲነሱ የተወሰነው ሰዓት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነበር። ወደ አባቷ ተመለሰች።

ውሃው በከረጢት በታጠረው በር አልመጣም። በማተሚያ ቤቱ ጥግ፣ ራንጋቻሪ የቀለም ሰሌዳ ይታጠብበት ዘንድ ያስቆፈሩት የፍሳሽ መውረጃ ነበር። የመንገዱ ቦይ ሲደፈን ውሃው በዚያ ቀዳዳ ተመልሶ፣ ከሥር ከሥር ፈልቆ ክፍሉን ሞላው። ሲነጋ አላመሉ ወርዳ ስታይ ጣውላው ተገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ሐሩ በውሃው ላይ ተዘርግቷል፤ አበባው ወደ ጥግ ተሰብስቧል። መጻሕፍቱ ግን አልተንሳፈፉም። ወለሉ ላይ እንደተከመሩ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ አብጠው፣ ጀርባቸው ፈንድቶ ነበር።

እዚያ ቆማ የሠራችውን ነገር ለማንም አልተናገረችም። የበዓሉ ማግስት ጠዋት ሥርዓት የተቀመጠውን መጽሐፍ አንሥቶ ጥቂት ማንበብ ነው። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች፤ ከክምሩ አናት ላይ የነበረውን አነሣች። የሴቶቹ መማሪያ ነበር። ገለጠችው፤ ገጹ እንደ ተቦካ ሊጥ በጣቷ ላይ ቀረ። የሚነበብ አንድ መስመር ፈለገች። አላገኘችም።

ከፎቅ የአባቷ ድምፅ ጠራት። በየዓመቱ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዛላቸው ትወጣለች፤ እርሳቸው ግንባራቸውን አስነክተው፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ እርሷ እያነበበችላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይደግማሉ። ከላይኛው መደርደሪያ ደረቅ መጽሐፍ ወስዳ መውጣት ትችል ነበር። ደረጃው ሥር ቆማ ይህን አሰበች። ከዚያ በእጇ ያለውን፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ይዛው ወጣች።

ሳታጎፓን እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። መጽሐፉን ግንባራቸውን አስነክተው ደረታቸው ላይ አኖሩት። ሸሚዛቸው ራሰ። ጣታቸው በሽፋኑ ላይ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል።

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም እንደዚሁ ናቸው አባባ።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከቤተ መቅደሱ የነጋሪት ድምፅ ይሰማል። አላመሉ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የእርጥብ ቀሚሷን ጫፍ ትጨምቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ታሪክ ያለ ፈቃዷ በአእምሮዋ ይመላለስ ነበር፤ ሃምሳ አለቃው፣ የተጣመሩት እጆቹ፣ በማግስቱ ከክምሩ ሥር የተገኘው ሰዋስው። ስድሳ ዓመት ሊሆናት የተቃረበች፣ ተማሪዎቿን ምክንያትና ውጤት ያስተማረች ሴት፣ ያንን ታሪክ አንድ ጊዜ እንኳ መርምራው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፤ «ጽሑፎቹ ማታ ከክምሩ ሥር ነበሩ፤ ጠዋት አልነበሩም። ማን አወጣቸው?»

ሳታጎፓን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አያቴ ናቸዋ። ሌሊት መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አንሥተው፣ ጽሑፎቹን አውጥተው፣ መልሰው ደረደሯቸው። መብራቱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን…»

«አያቴ ለአንድ ነገር ብለው አነሡ። እኔ የማነሳበት ነገር አልነበረኝም፤ ታሪካቸውን ብቻ ነው ስጠብቅ የኖርኩት።» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፤ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስተካከሉት። «ካደር አንሱ ብሏል አላልሽኝም?»

«ብለዋል።»

«ማንሳት ነበረብሻ። እኔ የተጋደምኩ ሽማግሌ ነኝ። ወርዶ የሚያየው ዓይን ያንቺ ነው።»

ይህን ያሉት ያለ ቁጣ ነው። አላመሉ መጽሐፉን ከደረታቸው ላይ አንሥታ ሸሚዛቸውን ቀየረችላቸው፤ ቡናቸውንም እንደየዕለቱ በወተት አፍልታ አመጣችላቸው።

ካደር ከቀትር በፊት መጡና ማተሚያ ቤቱን አዩ። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። እርሳቸው የጠረዙበት የዱቄት ሙጫ ተመልሶ ዱቄት መሆኑን እያዩ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምስጥን ስዋጋ ውሃ ከጀርባዬ መጣ አሉ። ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ ገጽ ከገጽ ለመለየት ሞከሩ። በሱቁ ውስጥ ገመድ ወጥረው፣ የተለየውን እንደ ልብስ አሰጡት። የተሰጣው ሲደርቅ ተሰባበረ። በሁለተኛው ቀን ክፍሉ መሽተት ጀመረ። የፈተና መለማመጃ ሊገዛ የመጣ አባት በገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ አልፎ፣ እዚህ ደግሞ ምን ትቀቅላላችሁ ብሎ ቀለደ። ካደር ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ፤ አላመሉ በዓይኗ አስቆመቻቸው። ሰውየው የፈለገውን ይዞ ሄደ።

ሰኞ ዶክተር ቴንሞሊ ሁለት ሰዎችና የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዛ መጣች። ስለ ዝናቡ ሰምታ ነበር፤ ውሃው ግን ወደ መስታወቱ ቁም ሳጥን እንደማይደርስ ታውቅ ስለነበር ስትገባ ፊቷ የተረጋጋ ነበር። ቁም ሳጥኑን ባዶውን አየችው። አላመሉ የሆነውን ሁሉ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ስለ ፑጃውም ስለ ካደርም ነገረቻት። ወጣቷ ምሁር ያደገችበት ቤትም ለፑጃ መጻሕፍት የሚቀመጡበት ቤት ነበር፤ ስለዚህ ለምን አላነሣችሁም ብላ አልጠየቀችም። አለመጠየቋ ከጥያቄው ይልቅ ከበደ። ከገመዱ ላይ አንድ ቁራጭ አውርዳ ወደ ብርሃን አነሣችው፤ በቁራጩ ላይ የተነበበው አንድ ፊደል ብቻ ነበር። የቀረበላቸውን አሬራ ጠጥተው፣ ሳታጎፓንን ከክፍላቸው ደጃፍ እጅ ነሥተው ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው በስልክ የመጣው መልስ ጨዋነት የተሞላበት ነበር፤ የንባብ ክፍሉ የታሰበው ለመጻሕፍቱ ሲባል መሆኑን አስታወሳቸው።

ሙኩንዳን በታኅሣሥ መጣ። የማርጋዚ ወር ገብቶ ነበር፤ ሴቶች ገና ሳይነጋ በየደጃፉ በሩዝ ዱቄት ጌጥ የሚስሉበት፣ ቤተ መቅደሱ በመዝሙር የሚሞላበት፣ ነገር ግን ሠርግ የማይደገስበት፣ ቤት የማይሸጥበትና የማይለቀቅበት ወር። ጫማውን አውልቆ ባዶውን ማተሚያ ቤት ዞሮ አየ። በግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት ቡናማ መስመር ቀርቶ ነበር። ትዝ ይልሻል፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ቀለም ጠጥቼ ለሦስት ቀን ምላሴ ጥቁር ሆኖ ነበር አላት። ያኔ የደበደብኩህ እኔ ነኝ አለችው። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

አመሻሹ ላይ ሦስቱም በአባታቸው ክፍል ተሰበሰቡ። ሙኩንዳን ሊያስቸግራቸው እንዳልመጣ ደጋግሞ ተናገረ። ቦታውን የሚፈልገው ሰው ይጠብቃል፤ አባባ በዚህ ቤት ተወልደዋል፣ በዚሁ ቤት እስካሉ ድረስ ማንም እንዲያንቀሳቅሳቸው አይፈልግም። ሱቁ እንደነገሩ ይከፈት፤ ከእርሳቸው በኋላ የሚሆነው ይሆናል። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር፤ ለሁሉም የሚበቃ መፍትሔ ያገኘ መስሎታል። አላመሉ አባቷን አየቻቸው። ሳታጎፓን ጣሪያውን እያዩ ነበር። በጉንጫቸው ላይ ያለው መወጠር ሲላላ አስተዋለች፤ ይህን ቃል ሲጠብቁ እንደነበር፣ አሁንም ውሳኔውን ለሌላ ሰው ትተውለት ሊተኙ እንደሆነ ተረዳች።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ ሙኩንዳን።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፤ እኅትህን ጠይቃት። ዓይን ያላት እርሷ ናት።»

ሙኩንዳን ወደ አላመሉ ዞረ። ከታች ካደር የሱቁን መስኮቶች ሲዘጉ ይሰማል። አላመሉ ተነሥታ የአባቷን ብርድ ልብስ እስከ ትከሻቸው ሳበችላቸው፤ ትራሳቸውንም አስተካከለች።

«ቢያንስ ይህ ወር ይለፍ» አለ ወንድሟ። «ከፖንጋል በዓል በኋላ ቁጭ ብለን በደንብ እናስብበት።»

«ለገዢው ዛሬ ደውልለት» አለች አላመሉ። «አንድ ጊዜ እስኪነጋ ጠብቄያለሁ፤ ይበቃል። ቤቱ በዚህ ወር ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ የቀሩትን መጻሕፍት ጋሼ ካደር ይወስዳሉ። ማርጋዚ ሳይወጣ እንለቃለን፤ አባባም አብረውን ይሄዳሉ።»